እግር ዝም ሲል፦ ነርቭ፣ ቫይታሚንና የናይለን ክር

አክስታችን የሰባ ሁለት ዓመት አረጋዊት ናቸው። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከታወቀ አሥራ አራት ዓመት ሆኗል። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና በሚፈላበት ሰዓት በመጀመሪያ የሸተተን የዕጣኑ ጭስ ነበር። ቀጥሎ ግን ሌላ ሽታ መጣ፤ የሚቃጠል ቆዳ ሽታ። አክስታችን ጀበናውን ለማውረድ ጎንበስ ሲሉ ባዶ ግራ እግራቸው ከከሰል ማንደጃው ጋር ተደግፎ ኖሯል። እሳቸው ግን ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ የጀመሩትን ወሬ አላቋረጡም። «እግርዎ! እግርዎ!» ብለን ስንጮህ ወደ ታች ተመለከቱና፣ የሌላ ሰው እግር እንዳዩ ሁሉ፣ «ውይ፣ ይኼ የኔ ነው እንዴ?» አሉ።

እኒህ ሴት ሌሊት ሌሊት እግራቸው እሳት እሳት እያላቸው እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። ጉንዳን የሚሄድባቸው ይመስላቸዋል፤ ካልሲ ሳያጠልቁ ካልሲ ያጠለቁ ያህል ይሰማቸዋል። ቀን እሳት ሲነካው የማይሰማ እግር ሌሊት ያለ እሳት ይቃጠላል ማለት ነው። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስል ነገር የዳር ነርቭ ሕመም ዋና ምልክት ነው። በሕክምናው ዓለም ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ ይባላል።

በዚያ ዕለት ቁስሉን አሽገን ወደ መኝታ ክፍላቸው ስንገባ በጠረጴዛው ላይ አምስት ብልቃጦች ተደርድረው አገኘን። ሁለቱ ዋሽንግተን አካባቢ ከሚኖሩ ዘመዶች በሻንጣ የመጡ ናቸው። አንዱ ከሰፈር መድኃኒት ቤት የተገዛ፣ ሌላው ከጎረቤት የተሰጠ ነው። አምስተኛውን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአንድ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ስንመለስ በአውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ የገዛነው እኛው ራሳችን ነን። በሁሉም ላይ «ለነርቭ ጤንነት» የሚል ቃል በአንድ ወይም በሌላ ቋንቋ ተጽፏል። አክስታችን አምስቱንም በየዕለቱ ሲውጡ ዓመት ከመንፈቅ አልፏቸዋል።

እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ሙያችን ፊዚክስ ማስተማር ነው። ይሁን እንጂ ነርቭ ከሁሉም በፊት የኤሌክትሪክ መሣሪያ በመሆኑ ነገሩ ከሙያችን ፈጽሞ የራቀ አልሆነብንም። እነዚህ እንክብሎች ለተጎዳ ነርቭ ምን ያደርጉለታል? የሚጠቅሙት መቼ ነው? የማይጠቅሙትስ? ከዚያም አልፎ የሚጎዱት መቼ ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለመቃኘት እንሞክራለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽቦ ያልሆነው ሽቦ

ነርቭን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው። ምሳሌው ግን ግማሽ እውነት ብቻ አለው። በመዳብ ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚጓዘው ከብርሃን ፍጥነት ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት ነው። የነርቭ መልእክትስ? ታላቁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዮሐንስ ሙለር ይህ ፍጥነት መቼም ቢሆን ሊለካ አይችልም የሚል እምነት ነበረው። የገዛ ተማሪው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ግን በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለክቶት ተገኘ። ውጤቱ በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ ነበር፤ በአውራ ጎዳና ላይ ከሚሮጥ መኪና ብዙም አይበልጥም። (ተማሪዎቻችን ሆይ፣ መምህር «አይቻልም» ሲላችሁ ሙለርን አስታውሱ።)

ነርቭ እንዲህ የሚዘገየው መልእክቱ በሽቦ እንደሚፈስ ጅረት ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ስለማይሄድ ነው። ይልቁንም በገጠር ሰዎች ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየተቀባበሉ እንደሚያደርሱት ጥሪ ነው፤ እያንዳንዱ ጠሪ የሰማውን በራሱ ጉልበት እንደገና ይጮኻል። አላን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሌ ይህንን በስክዊድ ግዙፍ ነርቭ ላይ መርምረው በ1952 በሒሳብ ቀመር አስቀምጠውታል፤ በ1963ም የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል? የነርቭ ሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ 7 ናኖሜትር ያህል ነው። በሽፋኑ ውስጥና ውጭ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ደግሞ 70 ሚሊቮልት ያህል ነው። ሰባ ሚሊቮልት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለውፍረቱ አካፍሉት፤ በሜትር 10 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል። ደረቅ አየር በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ላይ ተሸንፎ የመብረቅ ብልጭታ እንደሚያወጣ ለምታውቁ አንባቢያን የዚህን ቁጥር ታላቅነት ማስረዳት አያሻንም። ይህንን ልዩነት ለመጠበቅ በሽፋኑ ላይ የተተከሉ ጥቃቅን ፓምፖች ሦስት የሶዲየም አዮን እያስወጡ ሁለት የፖታሲየም አዮን ሲያስገቡ ይውላሉ፤ ያድራሉም። ፓምፖቹ ኃይል ይፈልጋሉ፤ ኃይሉም የሚገኘው ከምግብ ነው።

የወፍራሞቹ ነርቮች ዘንግ በተጨማሪ ማየሊን በሚባል የስብ ሽፋን ተጠቅልሏል። ሽፋኑ በየመሃሉ ክፍተት ስላለው ምልክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይከንፋል። ቃጠሎንና የቆየ ሕመምን የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮች ግን ይህ ሽፋን የላቸውም፤ በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ብቻ ይጓዛሉ። እግራችሁን እንቅፋት ሲመታችሁ በመጀመሪያ መመታታችሁን ታውቃላችሁ፤ ሕመሙ ግን ከአፍታ በኋላ ይደርሳል። ሁለት መልእክተኞች በሁለት መንገድ ስለተላኩ ነው።

እንግዲህ የነርቭ ጉዳት ሦስት መልክ ሊኖረው ይችላል። ፓምፑ ኃይል ያጣል፤ ሽፋኑ ይላጣል፤ ወይም ዘንጉ ራሱ ከጫፉ ጀምሮ ይጠወልጋል። የተጎዳ ነርቭ መልእክት ማድረሱን ሊያቆም ይችላል፤ ማንም ሳይጠራው በራሱ ሊጮኽም ይችላል። የአክስታችን እግር ቀን ዝም ሲል ሌሊት የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ምን ከእግር ይጀምራል?

ከእግር አውራ ጣት የሚነሣ የስሜት ነርቭ የእናት ሕዋሱ ያለው በታችኛው የጀርባ አጥንት አጠገብ ነው። የሕዋሱ አካል ስፋት 50 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ ዘንጉ ግን አንድ ሜትር ይረዝማል፤ ማለትም ርዝመቱ የስፋቱን 20,000 እጥፍ ነው። የሕዋሱን አካል እንደ እግር ኳስ አግዝፈን አራት ኪሎ ላይ ብናስቀምጠው ዘንጉ ከመስቀል አደባባይ አልፎ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። የዚያ ሁሉ መንገድ ጥገና የሚመጣው ከአንዲት ኳስ ነው።

ሕዋሱ ለዘንጉ የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች ሠርቶ በውስጥ መስመር ይልካል። ፈጣኑ ጭነት በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ይሄዳል። ዘገምተኛው፣ የዘንጉን አካል የሚገነባው ጭነት፣ በቀን ጥቂት ሚሊሜትር ቢሄድ ነው። በቀን አንድ ሚሊሜትር ብለን ብናሰላ አውራ ጣት ለመድረስ 1,000 ቀን፣ ማለትም ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ መላ ሰውነትን የሚያዳክም ችግር ሲመጣ በመጀመሪያ የሚራበው የረጅሙ መስመር ጫፍ ነው። ሐኪሞች እንደሚያስተውሉት መደንዘዙ ከጣት ተነሥቶ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ ደግሞ በእጅ ጣቶች ይጀምራል። ከወገብ እስከ ጉልበትና ከአንገት እስከ እጅ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ብታነጻጽሩ ምክንያቱን ለራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ይህ ስሌት ሌላም ነገር ይነግረናል። ተቆርጦ እንደገና የሚያድግ የነርቭ ዘንግ ፍጥነቱ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በሦስት ቀን የደነዘዘ እግር የሚያነቃ እንክብል አለ የሚለን ሰው ካጋጠመን ሕመሙን አስታግሦ ሊሆን ይችላል፤ ነርቩን ግን አልጠገነውም። የፍጥነት ሒሳቡ አይፈቅድለትም።

የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ

ምግብና ነርቭ መገናኘታቸው የታወቀው በዶሮ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ክርስቲያን አይክማን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም በጃቫ ደሴት፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ቤሪቤሪ የተባለውን በሽታ ያጠና ነበር። ቤሪቤሪ እግርን የሚያደነዝዝ፣ የሚያልፈሰፍስ፣ በመጨረሻም ልብን የሚያቆም ሕመም ነው። አይክማን በሽታው ተላላፊ ነው ብሎ ያምን ስለነበር ጀርሙን ፍለጋ ዶሮዎችን ያረባ ነበር። አንድ ጊዜ ዶሮዎቹ ሁሉ እግራቸው ከዳቸው። ከዚያም፣ ምንም መድኃኒት ሳይሰጣቸው፣ ዳኑ።

ጉዳዩ ሲጣራ ምሥጢሩ ከወጥ ቤት ተገኘ። ዶሮዎቹ ለጥቂት ወራት ከወታደራዊው ሆስፒታል ወጥ ቤት የተረፈውን የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይበሉ ነበር። ኋላ ወጥ ቤቱ ተቀየረና አዲሱ፣ የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም ብሎ ከለከለ። ዶሮዎቹም ወደ ርካሹ፣ ገለባው ወዳልተፈተገው ሩዝ ተመለሱ፤ ተፈወሱም። የቢሮክራሲ ድርቅና ለሳይንስ ውለታ የዋለበት ጊዜ ብዙ ስላይደለ ይህኛው ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባውም። አይክማን መጀመሪያ በነጩ ሩዝ ውስጥ መርዝ አለ ብሎ አሰበ። ተከታዩ ኼሪት ግሬይንስ ግን በ1901 ነገሩን ገለበጠው፦ ችግሩ ሩዙ ውስጥ ያለው ሳይሆን የጎደለው ነው። የጎደለው ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 ወይም ታያሚን የምንለው ነው። ታያሚን ሕዋሳት ከስኳር ኃይል በሚያወጡበት ሒደት ውስጥ የግድ የሚያስፈልግ ረዳት ነው። እሱ ሲጠፋ ፓምፖቹ መብራት እንደጠፋበት ወፍጮ ቤት ይሆናሉ። አይክማን በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

የሰው ልጅ ይህንን ትምህርት በቅርቡ ዘመን እንደገና በግዴታ ተምሮታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በተማሩባት በኩባ የሶቪየት ኅብረት መፍረስ የምግብ እጥረት ካስከተለ በኋላ፣ በ1992 እና በ1993 ከ50,000 በላይ ሰዎች የዓይን ወይም የእጅና የእግር ነርቭ ሕመም ያዛቸው። ትንባሆ ማጨስ ጉዳቱን ያባብሰው ነበር። መንግሥት በ1993 ለመላው ሕዝብ የቫይታሚን እንክብል ማደል ሲጀምር ወረርሽኙ ቀነሰ።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች የቫይታሚን ሻጮች የሚወዷቸው ናቸው፤ ደግሞም እውነት ናቸው። ነገር ግን የጃቫ ዶሮዎችም የኩባ ሰዎችም የዳኑት የጎደላቸው ነገር ስለተሞላ ነው። ያልጎደለን ነገር ቢጨምሩት ምን ይፈጠራል የሚለው ፈጽሞ የተለየ ጥያቄ ነው። የነርቭ ሕመም መንስኤ ደግሞ አንድ አይደለም። ስኳር በሽታ አለ፤ በዚህ ሕመም ከተያዙት እስከ ግማሽ የሚሆኑት ውሎ አድሮ የነርቭ ጉዳት ያገኛቸዋል። የሥጋ ደዌ አለ፣ አልኮል አለ፣ የካንሰር መድኃኒቶች አሉ። ለኤች አይ ቪ ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን የብዙዎችን እግር አቃጥሏል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ደረጃ በደረጃ እንዲተዉት መከረ፤ መፍትሔው መድኃኒቱን መቀየር እንጂ ቫይታሚን መጨመር አልነበረም። በነገራችን ላይ ጓያ የሚያስከትለው የእግር ሽባነት ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም፤ እሱ የሚጎዳው የዳር ነርቭን ሳይሆን ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርደውን መስመር ነው።

ቀይዋ ቅንጣትና የሁዳዴ ስሌት

ወደ አክስታችን ብልቃጦች እንመለስ። ከሁሉም ይልቅ ሊጠቅማቸው የሚችለው ቫይታሚን ቢ12 ነበር። ይህ ቫይታሚን ለፊዚክስ ሰዎች ልዩ ፍቅር ያሳድራል። በ1948 ቀይ ቅንጣት ሆኖ ተለይቶ ከወጣ በኋላ፣ 181 አቶሞች በአንድ የኮባልት አቶም ዙሪያ እንዴት እንደተደረደሩ ያወቀችው ዶሮቲ ሆጅኪን ናት፤ ያወቀችውም ኤክስ ሬይ በቅንጣቱ ውስጥ ሲያልፍ የሚሠራውን የነጠብጣብ ምስል በሒሳብ ወደ ኋላ በመፍታት ነው። ኮምፒዩተር ገና ሕፃን በነበረበት ዘመን የተሠራ ሥራ ነው። በ1964 የኖቤል ሽልማት አገኘች።

ቢ12 ለማየሊን ጤንነት ያስፈልጋል። ሲጎድል ደም ያንሳል፤ የነርቭ ሽፋን ይላጣል፤ እግር ይደነዝዛል፤ ሚዛን ይጠፋል። የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ በእህልና በአትክልት ውስጥ አይገኝም። እንግዲህ የኛ አንባቢ ወዲያው «ጾሙስ?» ማለቱ አይቀርም። እናስላ። የጤነኛ ሰው ጉበት ቢያንስ 2 ሚሊግራም ያህል ቢ12 ያከማቻል። የዕለት ፍላጎቱ 2.4 ማይክሮግራም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ 55 በ2.4 ሲባዛ 132 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከክምችቱ አንድ አሥራ አምስተኛ ያህል ይሆናል። ክምችቱ ብቻውን ከሁለት ዓመት በላይ ያቆያል፤ ሰውነት በሐሞት የወጣውን ከአንጀት መልሶ ስለሚሰበስብ በእውነቱ ከዚያም በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ጾሙን ብቻ ለይቶ መክሰስ ሒሳቡን አለማወቅ ነው። ችግር የሚመጣው ጾሙ ተፈትቶም ወተትና እንቁላል ለማይደርሰው ሰው ነው፤ ወይም የበላውን አንጀቱ ለማይቀበለው።

አክስታችን ከሁለተኛዎቹ ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም። ለአሥራ አራት ዓመት የወሰዱት ሜትፎርሚን የተባለ የስኳር መድኃኒት የቢ12ን ከአንጀት መሰብሰብ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። እጅግ ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ማንም ይህን አንብቦ እንዳያቆመው አደራ እንላለን። ነገር ግን ለረጅም ዓመታት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ እግሩ መደንዘዝ ከጀመረ፣ የቢ12 መጠኑን በደም ምርመራ ማሳየት ይገባዋል። ለአክስታችን ይህ ምርመራ ታዝዞላቸው አያውቅም ነበር። ነርቩ የደነዘዘው በስኳሩ ነው ተብሎ ስለተደመደመ ሌላ ምክንያት የፈለገ አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም፤ ብልቃጥ ገዝተን መጣን እንጂ።

ብልቃጦቹን ስናገላብጥ ያገኘነው አንድ አስገራሚ ነገር ከአምስቱ አንዱ ፎሊክ አሲድ በብዛት መያዙ ነበር። ፎሊክ አሲድ በቢ12 ጉድለት የመጣውን ደም ማነስ ሊያስተካክል ይችላል፤ የነርቩን ጉዳት ግን አያቆምም። ደሙ ደህና መስሎ ሲታይ ነርቩ ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን ይቀጥላል።

ሁለት ፊት ያለው ቫይታሚን

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጉድለት ነው። ስለ ትርፍ ስንነጋገር ግን ተራው የቫይታሚን ቢ6 ነው።

የሳንባ ነቀርሳ በሰፊው በሚገኝበት አገራችን ብዙ ሰው ኢሶናያዚድ የተባለውን መድኃኒት ወስዷል ወይም የወሰደ ዘመድ አለው። ይህ መድኃኒት በ1952 ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን የአንዳንድ ታካሚዎች እግር መደንዘዝ ጀመረ። መድኃኒቱ ከቢ6 ጋር እየተጣበቀ በሽንት ያስወጣዋል። ስለዚህ አብሮት አነስተኛ የቢ6 ኪኒን ይሰጣል፤ ነርቩም ይጠበቃል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነ የቫይታሚን ጥቅም ማሳየት ያስቸግራል፤ የታዘዘላችሁ ሰዎች አታቋርጡት።

ሌላው ፊት በ1983 ታየ። አሜሪካውያን ሐኪሞች ቢ6ን በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ሲወስዱ የቆዩ ሰባት ሰዎችን ሁኔታ አሳተሙ። ሰባቱም እጅና እግራቸው ደንዝዟል፤ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። ማለትም ለነርቭ ይጠቅማል የተባለው ቫይታሚን የነርቭ ሕመም አስከተለ። መውሰዱን ሲያቆሙ እየተሻላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ በጣም ባነሰ መጠንም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጉዳት እንደሚያደርስ የሚያሳዩ ሪፖርቶች በመቅረባቸው፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ለአዋቂ ሰው የላይኛውን ወሰን በቀን 12 ሚሊግራም አደረገው። በአሜሪካ የተቀመጠው ወሰን 100 ሚሊግራም ነው። ሰውነት በቀን የሚፈልገው አንድ ሚሊግራም ከግማሽ ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ እርሳስና ወረቀት ይዘን የአክስታችንን ጠረጴዛ ደመርነው። የመጀመሪያው ብልቃጥ በቀን 100 ሚሊግራም፣ ሁለተኛው 50፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ሦስተኛው ሌላ 100፣ አራተኛው 2፣ የኛ ስጦታ ደግሞ 10። ድምሩ 262 ሚሊግራም ነው፤ ከዕለት ፍላጎት ከ170 ጊዜ በላይ። እያንዳንዱ ዘመድ በፍቅር አንድ ብልቃጥ አመጣ፤ ማንም አልደመረም። ከአምስታችን መካከል በሙያው ደምሮ የሚኖረውም ሰው ቢሆን አልደመረም።

ስለ ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች ብዙ አንልም። አልፋ ሊፖይክ አሲድ በደም ሥር ሲሰጥ የስኳር ሕመምተኞችን የእግር ቃጠሎ ለጥቂት ሳምንታት እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ በአፍ የሚወሰደው ግን በ2024 በታተመ ሰፊ ግምገማ የረባ ለውጥ እንደማያመጣ ተገምቷል። አሴቲል ካርኒቲን ደግሞ አስተማሪ ታሪክ አለው። በ2013 በታተመ ሙከራ ለጡት ካንሰር ሕክምና ለሚወስዱ 409 ሴቶች የነርቭ ጉዳትን ይከላከላል በሚል ተስፋ ለገሚሶቹ እሱ፣ ለሌሎቹ ባዶ እንክብል ተሰጠ። በ24ኛው ሳምንት ነርቫቸው ይበልጥ የተጎዳው ካርኒቲኑን የወሰዱት ሆኑ። ባዶ እንክብል የሚወስድ ቡድን ባይኖር ኖሮ ጉዳቱ በካንሰር መድኃኒቱ ላይ በተላከከ ነበር።

አሥር ግራም ኃይል

አክስታችንን ይዘን ሐኪም ዘንድ በቀረብን ጊዜ ትልቅ መሣሪያ ጠብቀን ነበር። ነርሷ ግን ከኪሷ ያወጣችው በእጀታ ላይ የተተከለ አጭር የናይለን ክር ነው። «እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ክሩ ሲነካዎት አዎ ይበሉኝ» አለቻቸው። ክሩን በውስጥ እግራቸው ላይ ቀጥ አድርጋ ትጫነዋለች፣ ክሩ ይጎብጣል፣ ታነሣዋለች፣ ወደ ሌላ ቦታ ታልፋለች። አክስታችን ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?» አሉ። ነርሷ የቀኙን እግር ጨርሳ ግራውን አጋምሳ ነበር። ከአሥር ቦታዎች የተሰማቸው በአራቱ ብቻ ሆነ።

ያች ክር የፊዚክስ ሰው ልብ የምትሰርቅ ናት። ሊዮንሃርድ ኦይለር በ1744 ቀጥ ያለ ምሰሶ ከላይ ሲጫኑት በአንድ የተወሰነ ኃይል ላይ በድንገት እንደሚጎብጥ አሳየ። ከጎበጠ በኋላ እጅ ጠበቅ አድርጎ ቢጫንም ምሰሶው የሚያስተላልፈው ኃይል እምብዛም አይጨምርም። ስለዚህ ክሯን የሚይዛት እጅ ጠንካራም ሆነ ለስላሳ፣ እግሩ ላይ የሚያርፈው ሁልጊዜ የ10 ግራም ክብደት ያህል ነው፤ በኒውተን 0.1 ገደማ። ያለ ባትሪ፣ ያለ ስክሪን ራሷን በራሷ የምትለካ መሣሪያ ናት። ይህን ኃይል የማይሰማው እግር በጫማ ውስጥ የገባ ጠጠርንም የማንደጃ ጠርዝንም ላይሰማው ይችላል።

አንዳንድ ተማሪዎቻችን ይህን ሰምተው የዓሣ ማጥመጃ ክር ቆርጠው በየቤታቸው ሊሞክሩ ተነሥተው ነበር። የመጉበጫው ኃይል ከክሩ ዲያሜትር አራተኛ ፓወር ጋር ቀጥተኛ፣ ከርዝመቱ ስኩዌር ጋር ደግሞ ተገላቢጦሽ ግንኙነት አለው። ዲያሜትሩ አሥር በመቶ ብቻ ቢወፍር ኃይሉ በ46 በመቶ ይጨምራል። ለቤተ ሙከራ ልምምድ ግሩም ነው፤ ለእናታችሁ እግር ግን በትክክል የተሠራውን የጤና ጣቢያ ክር ተጠቀሙ።

የደሙ ውጤት ሲመጣ የአክስታችን ቢ12 ከሚገባው እጅግ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከአምስቱ ብልቃጦች በሁለቱ ውስጥ ቢ12 እንደነበረ ልብ ይሏል፤ መጠኑ ግን ሰነፍ አንጀት ለሚያስገባው የሚበቃ አልነበረም። ሐኪሙ አምስቱንም ብልቃጦች በአንድ ፌስታል አስገብቶ አስቀረና ቢ12ን ብቻ በመርፌ ጀመረላቸው። ሜትፎርሚኑ ቀጠለ፤ የስኳሩ ቁጥጥር ጠበቀ። ሌሊት ለሚያቃጥላቸው ደግሞ ሌላ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘ። ከእግራቸው ጉዳት ስንቱ የስኳሩ፣ ስንቱ የቢ12 ጉድለት፣ ስንቱስ የኛ ቢ6 እንደነበረ ስንጠይቀው ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። ሦስት ያልታወቁ ቁጥሮች ባሉት አንድ እኩልታ ፊት ተማሪ የሚያሳየው ፊት ነበረው።

ለዘመዶች ስልክ ደውለን ሌላ ብልቃጥ እንዳይልኩ መንገር የኛ ዕጣ ሆነ። አንዷ «ታዲያ ምን ልላክላቸው?» ብላ ጠየቀችን። ረጅም እጀታ ያለው መስታወት አልናት፤ ውስጥ እግራቸውን በየማታው የሚያዩበት። ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ስፌት የሌለው ጫማም ጨመርንበት።

አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። በሒሳባችን መሠረት አንድ ጤነኛ ዘንግ በዚህ ጊዜ ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሊያድግ ይችል ነበር። የአክስታችን አረማመድ ተስተካክሏል፤ በጨለማ ግድግዳ ሳይደግፉ ወደ ጓዳ ይሄዳሉ። የሌሊቱ ቃጠሎ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት ነርሷ ክሯን ይዛ መጣች። ከአሥሩ ቦታ በስድስቱ «አዎ» አሉ። በማንደጃው የተቃጠለው የግራ አውራ ጣት ላይ ክሩ ሲጎብጥ ግን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ዝም አሉ፤ ነርሷም ለጥቂት ጊዜ ጠብቃ ክሯን አነሣች።